የኳስ ጨዋታ ቃላት በእንግሊዝኛና በፖላንድኛ፦ ከአማርኛ ተነስቶ ሁለቱንም ለመያዝ

የእንግሊዝኛና የፖላንድኛ የስፖርት ቃላትን ጎን ለጎን የሚደረድሩ ሰንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት አፍ መፍቻው ፖላንድኛ ሆኖ እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ነው። አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ እንዳለ ወስዶ ከእንግሊዝኛው ወደ ፖላንድኛው ልሻገር ሲል መንገዱን በከንቱ ያረዝማል። ፖላንድኛ በብዙ ቦታ ለአማርኛ ይቀርባል፤ ግሡ ወንድና ሴት ይለያል፣ «ከእነሱ ጋር ተጫወትን» ይላል፣ መረብ ኳስን በመረቡ ይጠራዋል። ስለዚህ አማርኛውን መሐል አስቀምጡት፤ እንግሊዝኛውን በአንድ ወገን፣ ፖላንድኛውን በሌላው ወገን በቀጥታ ከእሱ ጋር አያይዙ።

አስቀድሞ ንባቡ

የፖላንድኛ አጻጻፍ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሕጉ ግን የጸና ነው። ጥቂት ሕጎች ከያዛችሁ ያላያችሁትን ቃል ታነባላችሁ። እንግሊዝኛ ይህን ዕድል አይሰጥም።

ደብልዩ የምትባለው ፊደል እንደ «ቭ» ትነበባለች። ጭረት የተሰመረባት ኤል ደግሞ «ው» ናት፤ ስለዚህ ኳስ «ፒውካ» ነው። አር እና ዜድ ተከታትለው ሲመጡ «ዥ» ይሆናሉ፤ ነጥብ ያላት ዜድም እንዲሁ። ኤስ እና ዜድ «ሽ»፣ ሲ እና ዜድ «ች» ናቸው። ብቻዋን የቆመች ሲ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው የሚሰጡት ድምፅ አላት። እዚህ በ«ጽ» ተጽፋለች፤ ስታነቧት ግን ጉሮሮን ሳታጠብቁ በለስላሳው አንብቧት። በላይዋ ጭረት ያላት ኦ «ኡ» ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠንከርና በመላላት ሕግ ነው። «ቭ» ከ«ክ»፣ ከ«ስ»፣ ከ«ፕ» እና እነሱን ከመሰሉ ድምፆች በፊት ስትመጣ «ፍ» ትሆናለች። «ዥ» ደግሞ ከ«ፕ»፣ ከ«ት» እና ከ«ክ» በኋላ፣ እንዲሁም በቃል መጨረሻ ላይ «ሽ» ትሆናለች። የታወቀው አጥቂ ሌቫንዶፍስኪ ስሙ ውስጥ ሁለት ደብልዩ አለ፤ የመጀመሪያው አናባቢ ስለሚከተለው «ቭ»፣ ሁለተኛው «ስ» ስለሚከተለው «ፍ» ሆኖ ይነበባል። በኛ የስፖርት ዘገባ ብዙ ጊዜ «ሌዋንዶውስኪ» የሚባለው የእንግሊዝኛው ንባብ ተወስዶ ነው። የፖላንዳዊው ግብ ጠባቂ ስምም ሲጻፍ እንደሚታየው ሁሉ የሚነበበው «ሽቼንስኒ» ተብሎ ነው።

አንድ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ይመቻል። ፖላንድኛ ዋይ በምትባለው ፊደል የሚጽፈው አናባቢ በ«ኢ» እና በ«እ» መካከል ያለ ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ይቸገሩበታል፤ እኛ ግን «እ»ን ከልጅነታችን ስለምናውቃት ምላስን ጥቂት ወደ ፊት መግፋት ብቻ ይበቃናል። እዚህ በሳልስ ነው የጻፍነው፤ ስትናገሩት ወደ «እ» አዘንብሉት። የቃሉ ክብደት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል።

የጨዋታው ስም፣ ተጫዋቹና «እጫወታለሁ»

እግር ኳስ «ፒውካ ኖዥና» ነው፤ «ኖጋ» እግር ማለት ነው። እጅ ኳስ «ፒውካ ሬንችና»፣ ከ«ሬንካ» ማለትም ከእጅ የመጣ ነው። የውሃ ላይ ፖሎ «ፒውካ ቮድና»፣ ከ«ቮዳ»፣ ከውሃ። ቅርጫት «ኮሽ» ስለሚባል ቅርጫት ኳስ «ኮሺኩፍካ» ነው። መረብ «ሻትካ» ነውና መረብ ኳስ «ሻትኩፍካ» ይባላል። እንግሊዝኛው «ቮሊቦል» ስሙን የወሰደው ኳሱ መሬት ሳይነካ ከመመታቱ ነው፤ መረቡ በስሙ ውስጥ የለም። ከ«ቮሊቦል» ተነስታችሁ «ሻትኩፍካ»ን ከመሸምደድ ከ«መረብ» መነሳት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ተጫዋቹን ለመጥራት ለወንድ «አሽ»፣ ለሴት «አርካ» የሚሉ መጨረሻዎች ይጨመራሉ፦ «ፒውካሽ» እና «ፒውካርካ»፣ «ኮሺካሽ» እና «ኮሺካርካ»፣ «ሻትካሽ» እና «ሻትካርካ»። ለእንግሊዝኛው «ፕሌየር» የሚለውን ከጨዋታው ስም ጋር ማያያዝ ይበቃል፤ እግር ኳስ ግን «ፉትቦለር» የሚል የራሱ ቃል አለው።

ስሙን ብቻ ሸምድዶ መቆም ትልቅ ጉድለት ነው፤ ስም ያለ ግሥ አያናግርም። እንግሊዝኛው «አይ ፕሌይ ፉትቦል» ነው፤ በመሐሉ «ዘ» አይገባም። ፖላንድኛው «ግራም» ይላል፣ ቀጥሎ ደብልዩ ብቻዋን እንደ መስተዋድድ ትገባለች፣ ከዚያ የጨዋታው ስም መጨረሻ ይቀየራል። አማርኛ በተሳቢው ላይ «ን» እንደሚጨምረው መሆኑ ነው፦ «ግራም ፍ ፒውኬ ኖዥኖን»፣ «ግራም ፍ ሻትኩፍኬ»፣ «ግራም ፍ ኮሺኩፍኬ»። «ቴኒስ» እና «ጎልፍ» በመጨረሻቸው «አ» ይጨምራሉ፦ «ግራም ፍ ቴኒሳ»፣ «ግራም ቭ ጎልፋ»። በጎልፍ ጊዜ «ፍ» ወደ «ቭ» የተመለሰችው «ግ» ስለተከተላት ነው። ጓደኛሞች ሲነጋገሩ ያሳጥሩታል፤ «ቭ ኖጌ» እግር ኳስ፣ «ፍ ኮሻ» ቅርጫት ኳስ፣ «ፍ ሻትኬ» መረብ ኳስ ማለት ነው። ይህን አጭር አባባል ቶሎ ብትለምዱት መልካም ነው፤ የዕለት ንግግር ውስጥ የሚያጋጥማችሁ እሱ ነው።

ሜዳውና የግቡ አካላት

አማርኛ ለሁሉም «ሜዳ» ይላል። እንግሊዝኛ ይለያል፦ የእግር ኳስ «ፒች»፣ የቅርጫት፣ የመረብ ኳስና የቴኒስ «ኮርት»፣ የጎልፍ «ኮርስ»። ፖላንድኛው «ቦይስኮ» ለእግር፣ ለእጅ፣ ለመረብና ለቅርጫት ኳስ ያገለግላል፤ ቴኒስ ብቻውን «ኮርት» አለው። እንግሊዝኛ አስቀድሞ የተማረ ሰው የመረብ ኳስ ሜዳን በፖላንድኛ «ኮርት» ብሎ ይሳሳታል።

በእንግሊዝኛ «ጎል» የግቡ ማዕቀፍም የተቆጠረው ግብም ነው። በፖላንድኛ «ብራምካ» ለሁለቱም ይሆናል፣ «ጎል» ግን የተቆጠረው ብቻ ነው፤ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ያለውን ነገር «ጎል» አትሉትም። ቋሚው «ስዉፔክ» በእንግሊዝኛ «ፖስት»፣ አግዳሚው «ፖፕሼችካ» በእንግሊዝኛ «ክሮስባር» ነው። መረቡ «ሻትካ» መሆኑን ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

በሜዳ ላይ ያሉ ሰዎች

ግብ ጠባቂ «ብራምካሽ» ነው፤ «ብራምካ» ላይ ያው «አሽ» ተጨምሮ። ተከላካይ «ኦብሮኝጻ»፣ አጥቂ «ናፓስትኒክ»። እንግሊዝኛው «ስትራይከር» የመምታት ሐሳብ ሲይዝ ፖላንድኛው እንደ አማርኛው ማጥቃትን ይዟል። አማካይ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው «ሚድፊልደር»ም አማርኛው «አማካይ»ም ሰውዬውን በቦታው ሲሰይሙት፣ ፖላንድኛው «ፖሞጽኒክ» በሥራው ይሰይመዋል፤ ቃሉ ረዳት ማለት ነው። ከሜዳ ውጭም የሥራ ረዳት በዚሁ ቃል ይጠራል።

የክንፍ ተጫዋች «ስክሺድዎቪ» ነው፤ ክንፍ «ስክሺድዎ» ይባላልና። ይህ ቃል በቅርጫት ኳስም ያገለግላል፤ እንግሊዝኛ «ፎርዋርድ» የሚለው ተጫዋች ነው። «ሮዝግሪቫዮንጺ» ደግሞ በመረብ ኳስ አመቻቹን፣ በቅርጫት ኳስ ኳስ አደራጁን ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ሴተር»፣ ለሁለተኛው «ፖይንት ጋርድ» ይላል። እነዚህን ሁለት ቃላት ስትመዘግቡ የስፖርቱን ስም አብራችሁ ጻፉ።

ዳኛ «ሴንጃ» ነው፤ የፍርድ ቤት ዳኛም በዚሁ ስም ይጠራል፣ ልክ እንደ አማርኛው። እንግሊዝኛ ለፍርድ ቤቱ «ጀጅ» ሲል ለሜዳው ሌላ ቃል ይፈልጋል፤ ያውም አንድ አይደለም፦ በእግርና በቅርጫት ኳስ «ሬፈሪ»፣ በቴኒስ «አምፓየር»። ዳኛው ሲሳሳት የፖላንድ ተመልካች «ሴንጃ ካሎሽ!» እያለ ይጮኻል፤ «ካሎሽ» የዝናብ ቦት ጫማ ነው። ስታዲየም ከገባችሁ መስማታችሁ አይቀርም፤ ስድብ ነውና ለዳኛው ፊት ለፊት አትበሉት።

የቆሙ ኳሶች፦ «ዡት»

«ዡት» መወርወር ማለት ነው፤ በእግር ኳስ ግን በእግር የሚመታውንም ይጨምራል። አንዴ ከያዛችሁት ከኋላው የሚመጣውን ቃል ብቻ መቀየር ነው። «ዡት ሮዥኒ» የማዕዘን ምት፣ «ዡት ቮልኒ» ቅጣት ምት፣ «ዡት ካርኒ» ፍጹም ቅጣት ምት፣ «ዡት ዝ አውቱ» የእጅ ውርወራ ነው። እንግሊዝኛዎቹ በቅደም ተከተል «ኮርነር»፣ «ፍሪ ኪክ»፣ «ፔናልቲ» እና «ስሮው ኢን» ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ «ፔናሊቲ» ብሎ አንድ አናባቢ ይጨምራል፤ በእንግሊዝኛ ስትናገሩ ያቺን «ሊ» ወደ «ል» መልሷት።

ፍጹም ቅጣት ምት ሌላም ስም አለው፦ «የዴናስትካ»፣ ከ«የዴናሽቼ» ማለትም ከ11። ኳሱ ከግቡ መስመር 11 ሜትር ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ይኸው ቃል የአንድ ቡድን 11 ተሰላፊዎችንም ሊጠራ ስለሚችል፣ ከጨዋታው በፊት ከተባለ አሰላለፉን፣ ዳኛው ካፏጨ በኋላ ከተባለ ምቱን ተረዱ።

ከጨዋታ ውጭ «ስፓሎኒ» ነው፤ ቃል በቃል የተቃጠለ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው «ኦፍሳይድ»። ቢጫ ካርድ «ዡውታ ካርትካ»፣ ቀይ ካርድ «ቼርቮና ካርትካ»፣ ጥፋት «ፋውል»። ዕረፍት «ፕሼርቫ»፣ እንግሊዝኛው «ሃፍ ታይም»። ጭማሪው 30 ደቂቃ «ዶግሪፍካ»፣ በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ኤክስትራ ታይም»፣ በአሜሪካው ደግሞ «ኦቨርታይም» ነው።

«ሃንድቦል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በእግር ኳስ በእጅ መንካትን፣ በሌላ ጊዜ እጅ ኳስን ይጠራል። ፖላንድኛ አይቀላቅላቸውም፤ ጥፋቱ «ሬንካ»፣ ስፖርቱ «ፒውካ ሬንችና» ነው። «ሃንድቦል!» ብሎ የጮኸን ተመልካች «ፒውካ ሬንችና!» ብሎ መተርጎም ያለ አውድ የሚተረጉም ሰው ሊወድቅበት የሚችል ስህተት ነው።

ማሸነፍ፦ ትልቁ ወጥመድ

በአማርኛ ጨዋታውንም ቡድኑንም «አሸነፍን» እንላለን። በእንግሊዝኛ ጨዋታ ወይም ዋንጫ ከሆነ «ዊን»፣ ተጋጣሚ ከሆነ «ቢት» ነው። «ዊ ዎን ዘም» የሚለው አባባል ከአማርኛ በቀጥታ የተወሰደ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተጋጣሚዎቹን እንደ ሽልማት ወደ ቤት የወሰዳችኋቸው ሆኖ ይሰማዋል። ትክክሉ «ዊ ቢት ዘም» ነው።

ተጋጣሚን ሲጠቅስ እንግሊዝኛ «አጌንስት» ይላል፤ «ዊዝ» ካላችሁ በአንድ ቡድን ውስጥ አብራችሁ የተጫወታችሁ ይመስላል። ፖላንድኛ ግን እንደኛው ነው። «ዝ» ማለት «ጋር» ነው፤ «ፖልስካ ግራ ዝ ኒየምጻሚ» ፖላንድ ከጀርመን ጋር ትጫወታለች። ግርታ የሚፈጥረው ለማሸነፍም ለመሸነፍም ይኸው «ዝ» መምጣቱ ነው፦ «ቪግራዋ ዝ ኒየምጻሚ» አሸነፈቻት፣ «ፕሼግራዋ ዝ ኒየምጻሚ» በጀርመን ተሸነፈች። ልዩነቱ ያለው በግሡ መነሻ ላይ ብቻ ነው። «ቪ» ድል፣ «ፕሼ» ሽንፈት ናት፤ ጆሯችሁን እዚያ ላይ አስተክሉ።

ፆታን በተመለከተ አማርኛ ያግዛችኋል። አንድ ወንድ ግብ ሲያስቆጥር «ስትሼሊው ጎላ»፣ ሴት ስታስቆጥር «ስትሼሊዋ ጎላ» ነው። አስቆጠረና አስቆጠረች የምንለው መለያየት ነው፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ስኮርድ» ብሎ ያልፋል።

ውጤትና ቁጥር

እንግሊዝኛ ለዜሮ አንድ ቃል የለውም። በእግር ኳስ «ኒል»፣ በቴኒስ «ላቭ»፣ በአሜሪካ «ነሲንግ» ይባላል። 1 ለ 1 «ዋን ኦል»፣ አቻ በብሪታንያ «ድሮው»፣ በአሜሪካ «ታይ» ነው። በፖላንድኛ አቻ «ሬሚስ» ነው፤ ውጤት በሁለት ነጥብ ይጻፋል፣ ሲነበብም አማርኛው «ለ» በሚገባበት «ዶ» ይገባል። ፖላንድ ጥቅምት 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዋርሶ ላይ ጀርመንን 2:0 ስታሸንፍ ውጤቱ «ድቫ ዶ ዜራ» ነበር።

የሚከብደው የቁጥሩና የስሙ ስምምነት ነው። አንድ ግብ «የዴን ጎል»፣ ከ2 እስከ 4 ያለው «ጎሌ»፣ ከ5 ጀምሮ «ጎሊ» ይሆናል። «ብራምካ» ካላችሁ «የድና ብራምካ»፣ «ድቪየ ብራምኪ»፣ «ፒየንች ብራሜክ»፤ ቃሉ አንስታይ ስለሆነ ሁለት የሚለው ራሱ ከ«ድቫ» ወደ «ድቪየ» ተቀይሯል። ለነጥብ «ፑንክት»፣ «ፑንክቲ»፣ «ፑንክቱፍ» ነው። ከ20 በላይ ሕጉ ይመለሳል፤ 22፣ 23 እና 24 «ፑንክቲ» ሲወስዱ 21 እና 25 «ፑንክቱፍ» ይወስዳሉ። ከ12 እስከ 14 ያሉት ግን በ2፣ በ3ና በ4 ቢያልቁም «ፑንክቱፍ» ናቸው። በመረብ ኳስ አንዱ ምድብ (ሴት) እስከ 25 ነጥብ ስለሚሄድ ይህን ሕግ በየጨዋታው ትሰሙታላችሁ።

መረብ፣ ቅርጫት፣ ቴኒስ

በፖላንድኛ ጆሮን ለማሠልጠን ከመረብ ኳስ የተሻለ የለም። የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን በ1974፣ በ2014 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1976 የኦሎምፒክ ባለወርቅ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ባለብር ነው፤ የጨዋታ ዘገባ በብዛት አለ። ድርጊቱም በአንድ ቅደም ተከተል ይደጋገማል፦ «ዛግሪፍካ» ማስጀመር፣ «ፕሺየንቼ» መቀበል፣ «ቪስታቫ» ማመቻቸት፣ «አታክ» ማጥቃት፣ «ብሎክ» መከላከል። በእንግሊዝኛ «ሰርቭ»፣ «ሪሴፕሽን»፣ «ሴት»፣ «ስፓይክ»፣ «ብሎክ» ናቸው። እንግሊዝኛው «ሴት» እስከ 25 ነጥብ የሚሄደውን ምድብም ማመቻቸትንም ስለሚጠራ ያምታታል፤ ፖላንድኛው «ሴት» ምድቡ ብቻ ነው።

በቅርጫት ኳስ «ድሪብል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኳስ እያነጠሩ መሄድ ነው፤ በእግር ኳስ ኳስ እየገፉ ማለፍ ነው። ፖላንድኛ ማንጠሩን «ኮዝዎቫኒየ»፣ የእግር ኳሱን «ድሪብሊንግ» ይለዋል። ሳያነጥሩ መራመድ «ክሮኪ» ማለትም እርምጃዎች፣ በእንግሊዝኛ «ትራቭሊንግ» ነው። «ዡት ቮልኒ» እዚህ የነጻ ውርወራ ስም ነው፤ በልማድ «ዡት ኦሶቢስቲ»ም ይባላል።

ቴኒስ ላይ ጥቂት ብቻ ነው የሚያስቸግረው። እንግሊዝኛው «ጌም» በፖላንድኛ «ጌም» ሆኖ ቆይቷል። 40 ለ 40 «ዲውስ» የሚባለው «ሩቭኖቫጋ»፣ ሚዛን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ብልጫ «ፕሼቫጋ» ነው።

እንዴት ይጠና

በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር አትያዙ። ባዶ ወረቀት ላይ ሜዳውን ሣሉና ቃሉን ነገሩ ባለበት ቦታ ጻፉ፤ «ስዉፔክ» ቋሚው ላይ፣ «ሮዥኒ» ማዕዘኑ ላይ። በአንድ ቀን ከ10 እስከ 12 ቃል ይበቃል፣ ሁሉም ከአንድ ስፖርት ይሁኑ። ሁለት ስፖርት በአንድ ቀን ከቀላቀላችሁ «ስክሺድዎቪ» እና «ዡት ቮልኒ» መቼ ምን እንደሆኑ ይጠፋችኋል።

በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ባዶ ሜዳ እንደገና ሥላችሁ ያለ ማስታወሻ ሙሉት። ክፍት የቀረው ቦታ ብቻ ወደ ቀጣዩ ዙር ይግባ። ከዚያ በፖላንድኛ የሚተላለፍ ጨዋታ 10 ደቂቃ ስሙና የለያችሁትን ቃል ብቻ በሰማችሁት ድምፅ በፊደል መዝግቡ። በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ቢወጣላችሁ ችግር የለውም። «ስትሻው» ማለትም ሙከራ እና «ፖዳኒየ» ማለትም ማቀበል ቶሎ ቶሎ ስለሚደጋገሙ ለጅምር ጥሩ ናቸው።

በመጨረሻ እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሳታዩ ወደ ሁለቱም ቋንቋ ለውጡ፦ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ኳሱ ቋሚውን መታ፤ ተከላካዩ ቀይ ካርድ አገኘ። እንግሊዝኛዎቹ «ዘ ሬፈሪ ጌቭ ኤ ፔናልቲ»፣ «ዘ ቦል ሂት ዘ ፖስት»፣ «ዘ ዲፌንደር ጋት ኤ ሬድ ካርድ» ናቸው። በፖላንድኛ የመጀመሪያው «ሴንጃ ፖዲክቶቫው ዡት ካርኒ» ነው፤ የተለመደው ግሥ መስጠት ሳይሆን ማስጻፍ የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሁለተኛው «ፒውካ ትራፊዋ ፍ ስዉፔክ»፤ ኳስ አንስታይ ስለሆነች ግሡ በ«ዋ» ያልቃል። ሦስተኛው «ኦብሮኝጻ ዶስታው ቼርቮኖን ካርትኬ» ነው። «ቼርቮና ካርትካ» ብላችሁ ከተዋችሁት ሰው ይገባዋል፣ ግን ተሳቢው ላይ የሚያስፈልገው ለውጥ ቀርቷል፤ ወደ «ግራም ፍ ፒውኬ ኖዥኖን» ተመለሱና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።